ደቻቱ ሲሞላ ወዴት እንሂድ? የከተሞቻችን መሸሻ መንገድና መጠለያ



ድሬዳዋን ያመሰው ያ ከባድ ጎርፍ 20 ዓመት ሊሞላው ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም፣ ሰው በተኛበት ሰዓት፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋ ውስጥ ገባ። ከ250 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አለፈ፤ አስከሬናቸው ሳይገኝ የቀረም ብዙ ነበሩ። 10 ሺህ ያህል ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ለሞቱት አላህ ይዘንላቸው፤ ያጡትንም በተሻለ ይተካላቸው።

ዛሬ ጉዳዩን የምናነሳው ለመታሰቢያ ብቻ አይደለም። ክረምቱ እየገባ ነው። በቀፊራ ወይም በደቻቱ ዳር የሚኖር አንድ አባወራ ዛሬ ሌሊት «ውሃው መጣ!» የሚል ጩኸት ቢሰማ፣ ልጆቹንና አሮጊት እናቱን ይዞ በየትኛው መንገድ፣ ወደ የትኛው ግቢ እንደሚሄድ ያውቃል? አዲስ አበባ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች እናትስ መሬት ሲንቀጠቀጥ የት ሜዳ ላይ እንደምትሰበሰብ የነገራት አለ? እኛ እስከምናየው ድረስ የለም። በከተሞቻችን መጠለያ የሚባለው ከአደጋው በኋላ በችኮላ የሚፈለግ ቦታ ነው። መሸሻ መንገድ የሚባለውም ሰው በደመ ነፍስ የሮጠበት ነው። ሁለቱም ቀድመው ሊታወቁ ይችላሉ፤ ለዚህም ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር በእጃችን አለ።

ድሬዳዋን የሚያውቅ ደቻቱን ያውቃል። በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ወንዝ አይመስልም፤ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴ ሸቀጡን ይዘረጋበታል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡር ሐዲዱ ጋር ስትቆረቆር በወንዙ በአንድ በኩል ከዚራ፣ በሌላው በኩል መጋላ ሆነው አደጉ። ጎርፉን የሚልከው ዝናብ ብዙውን ጊዜ የሚዘንበው ከተማዋ ላይ አይደለም። ድሬዳዋ ከባህር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ በደቡብ በኩል ያሉት የደንገጎና የሐረማያ ከፍታዎች ግን ከ2,000 ሜትር ይበልጣሉ። እዚያ ላይ የወረደ ዝናብ በተራቆተ ተዳፋት ተንደርድሮ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከተማዋ ይደርሳል። ከተማዋ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የድሬዳዋ ሰው ደመና አይቶ አይሸሽም። ማስጠንቀቂያው ከላይ፣ ከደንገጎ በሚደወል ስልክ ነው መምጣት ያለበት።

ስልኩ ተደወለ እንበል። ሰዉ ወዴት ይሂድ? እዚህ ላይ የከተማዋ አቀማመጥ ራሱ ይናገራል። ወንዙ ከተማዋን ለሁለት ስለሚከፍል በጭንቅ ጊዜ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ድልድዩን ተሻግሮ ዘመዱ ቤት መድረስን ነው። አጎቱ ከዚራ ነው፣ እህቱ መጋላ ናት። ነገር ግን ወንዝ የሚያሻግር መንገድ በጎርፍ ሌሊት መሸሻ ሊሆን አይችልም። በፍጥነት የሚወርድ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ሲኖረው አዋቂ ሰው ይጥላል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል። ባጃጅማ ከዚያ በፊት ነው የሚንሳፈፈው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዳርቻ ያለ ሰው በራሱ በኩል፣ ወንዙን ጀርባ ሰጥቶ ወደ ከፍታ የሚያወጣ መንገድና በራሱ በኩል የሚያርፍበት ግቢ ያስፈልገዋል። በእግር 10 ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ቢሆን ይመረጣል፤ ልጅ አዝሎ፣ በጨለማ፣ መብራት ጠፍቶ የሚኬድ ነውና።

ከጎርፉ በኋላ በደቻቱ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። መልካም ሥራ ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን ግንብ የሚሠራው ለተወሰነ የውሃ መጠን ተሰልቶ ነው፤ ከዚያ የበለጠ ሲመጣ ከላይ ይፈሳል። ሌላም ጣጣ አለው። ግንብ ሲቆም ሰው ይተማመናል፤ ቤቱን እስከ ግንቡ ሥር ያስጠጋል። አሸዋው ላይ ቆሞ የሚነግድ ሰው ደግሞ መውጫ ደረጃው የት የት እንዳለ ካላወቀ ያው ግንብ ወጥመድ ይሆንበታል። ስለ ግንቡ ርዝመት ሲወራ ስለ ደረጃዎቹም ቢወራ ጥሩ ነበር።

በዚያ ክረምት የተፈናቀለው ሰው ያረፈው በትምህርት ቤቶችና በድንኳን ነበር። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ባዶ ስለሆነ ነገሩ ይመቻል፤ መስከረም ሲጠባ ግን ተማሪና ተፈናቃይ አንድ ክፍል ይሻማሉ። አደጋው ኅዳር ላይ ቢሆንስ? እቅድ የሚባለው ይህን ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ ነው።

በ2017 ደግሞ ሌላ ዓይነት ፈተና አየን። በአፋር ክልል በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ፣ በኦሮሚያ ክልል በፈንታሌ አካባቢ መሬት ለወራት ተንቀጠቀጠች። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ መጠኑ እየጨመረ ሲሄድ መንግሥት በአካባቢው የሚኖሩ 80 ሺህ ያህል ሰዎችን ከቦታው የማውጣት ሥራ መጀመሩን አስታወቀ። የካቲት 7 ደግሞ በሬክተር ስኬል 6.0 የተመዘገበ መንቀጥቀጥ ደረሰ። ቤቶች ተሰነጠቁ፣ መንገድ ተተረተረ። ሰዉ አስቀድሞ ባይወጣ ኖሮ ጉዳቱ የት ይደርስ እንደነበር አላህ ያውቃል። ያ ተሞክሮ መደነቅ አለበት እንላለን። ግን ያ ሊሆን የቻለው መሬቷ ራሷ ለሳምንታት ስላስጠነቀቀች ነው፤ ሕዝቡም ሰፊ ሜዳ ላይ የሚኖር፣ በአውቶቡስ ተጭኖ ሊወጣ የሚችል ነበር። ንዝረቱ አዲስ አበባ ሲደርስ ሌሊት ከፎቅ ወርዶ መንገድ ላይ የቆመው ሰው ግን የሄደበት ሜዳ አልነበረም። ከራሱ ሕንፃ ሥር ነው የቆመው። ሕንፃው ቢወድቅ የሚወድቀው እሱ ላይ ነው።

መርካቶን እንመልከት። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም ምሽት ሸማ ተራ ላይ የተነሳው እሳት የስንቱን ወገናችንን የዕድሜ ልክ ጥሪት እንደበላ የማያውቅ የለም። እሳቱን ለማጥፋት አዳጋች ካደረጉት ነገሮች አንዱ የመንገዱ ጥበትና የአካባቢው መጨናነቅ መሆኑን በወቅቱ ኃላፊዎች ተናግረዋል። እሳት አደጋ መኪና የማያስገባ መንገድ ሰውንም አያስወጣም፤ ሰው ወደ ውጭ ሲገፋ፣ መኪናው ወደ ውስጥ ሲገፋ አንድ በር ላይ ይገናኛሉ። መርካቶ ውስጥ መንገዱ በካርታ ላይ ካለው ይጠባል። ሸቀጥ ከሱቅ ወጥቶ መንገድ ላይ ይደረደራል፣ በላዩ ሸራ ይወጠራል፣ ተሸካሚው በመካከል ያልፋል፣ ከምሽት በኋላ ደግሞ የተራው የብረት በር ይዘጋል። ይህን ሁሉ መንግሥት ብቻ አይደለም የሚያስተካክለው። ከሱቁ ደጃፍ አንድ ሜትር ሸቀጡን ወደ ውስጥ ቢመልስ ነጋዴው ራሱ ነው የሚድነው፤ ከጎኑ ያለው ሱቅም እንዲሁ። የተራ ኮሚቴ እያለ፣ እድርና ማኅበር እያለ ይህን መነጋገር እንዴት አቃተን?

ሌላው ከሕንፃ በፊት የሚታይ ነገር፣ እሳት ሲነሳ ወደ ውጭ ከሚሮጠው ይልቅ ሸቀጡን ለማውጣት ወደ ውስጥ የሚሮጠው መብዛቱ ነው። ሰው የሚሮጠው ዘረፋ ስለሚፈራ ነው። የወጣው ዕቃ የሚቀመጥበት፣ ጥበቃ ያለው አንድ የታወቀ ቦታ ቢኖር ብዙው ሰው እሳት ውስጥ አይገባም ነበር። መጠለያ ሲባል የሰው ብቻ አይደለም፤ ለነጋዴ የዕቃም መጠለያ ሕይወት ያድናል።

የመንገድ ነገር ከተነሳ እኛ ሙስሊሞች በቅርብ የምናውቀው አንድ ቦታ አለ፤ ሚና። እ.ኤ.አ. በ1997 ከማብሰያ ጋዝ የተነሳ እሳት የሁጃጆችን ድንኳኖች በላ፤ ከ340 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ድንኳኖቹ እሳት በማይበላው ጨርቅ ተተኩ፤ በጋዝ ማብሰልም ተከለከለ። በጥር 2006 ደግሞ በጀመራት ድልድይ መግቢያ ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ 346 ሰዎች አለፉ። አሮጌው ድልድይ ፈርሶ ባለብዙ ፎቅ ሆኖ ተሠራ፤ መግቢያውና መውጫው ተለየ፤ ለእያንዳንዱ ቡድን የመሄጃ ሰዓት ተመደበለት። ብዙ ነገር ተሻሻለ። ግን በመስከረም 2015 በመንገድ 204 እና በመንገድ 223 መገናኛ ላይ ሁለት የሰው ጎርፍ ተገናኘ። የሳዑዲ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 769 ሲል፣ ከየሀገሩ የወጡ ቁጥሮች ሲደመሩ ግን ከ2,000 በላይ ሆነዋል። ኢትዮጵያውያን ሁጃጆችም ከነሱ መካከል ነበሩ። ረሒመሁሙላህ።

ከዚህ የምንወስደው ነገር ግልጽ ነው። ሰው የሚሞተው መንገድ ስለሌለ ብቻ አይደለም። ያለው መንገድ ላይ የሚሄድና የሚመጣ ሲገናኝ ይሞታል። ሰፊ አስፋልት በራሱ መፍትሔ አይደለም። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች በኮሪደር ልማት የሰፉ መንገዶችና የእግረኛ መሄጃዎች እያየን ነው። መልካም ዕድል ነው። በአደጋ ጊዜ በየትኛው መንገድ ሰው እንደሚወጣ፣ በየትኛው አምቡላንስና እሳት አደጋ መኪና እንደሚገባ ካልተለየ ግን ስፋቱ ብቻውን አያድንም። የአበባ ማስቀመጫ ለማቆም የተገኘ ቦታ «በአደጋ ጊዜ በዚህ በኩል» የሚል አንድ ታፔላ ለማቆም አይጠብም።

ስለ ሜዳ ደግሞ የኢስታንቡልን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1999 በኢዝሚት አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ ከ17 ሺህ በላይ ሰው ከገደለ በኋላ ከተማዋ በመቶ የሚቆጠሩ የመሰብሰቢያ ሜዳዎችን ለየች። ዓመታት አለፉ፤ መሬት ተወደደ። ከነዚያ ሜዳዎች ብዙዎቹ ላይ የገበያ ማዕከልና የመኖሪያ ፎቅ ተሠራባቸው። የሀገሩ መሐንዲሶችና አርክቴክቶች ለዓመታት ሲጮኹበት የኖሩት ጉዳይ ነው። ሜዳው ወረቀት ላይ ቀርቷል፤ መሬት ላይ ግን ሲሚንቶ ነው።

እኛም ጋር ሜዳ እየጠፋ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሀብት አለን፤ ስንጠቀምበት አላየንም። የዒድ መስገጃ ሜዳ! ሙስሊሙ በሚኖርበት ከተማ ሁሉ ማለት ይቻላል ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ በእግሩ፣ ልጆቹንና አዛውንቶቹን ይዞ የሚሄድበት ክፍት ቦታ አለ። መንገዱን ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። የቱ ሰፈር በየት በኩል እንደሚገባ፣ ሴቶች የት እንደሚሆኑ፣ መኪና የት እንደሚቆም የሚያስተናብሩ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች አሉ። በሌላ ሀገር ለልምምድ ብዙ የሚለፋበትን ነገር እኛ በዒባዳ መልክ በየዓመቱ ሁለቴ እናደርገዋለን። ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ) ወደ ዒድ ሲሄዱ በአንድ መንገድ ሄደው በሌላ መንገድ ይመለሱ እንደነበር የታወቀ ሱና ነው። ጥበቡን አላህ ያውቃል፤ ሱናውን የሚተገብር ሰው ግን ወደ ሜዳው የሚያደርሱ ሁለት መንገዶችን ያውቃል ማለት ነው። ለአደጋ ጊዜ አንዱ ቢዘጋ ሌላው አለ።

ታዲያ የዒድ ሜዳ የሚነሳው ዒድ ሲቃረብ ብቻ ለምን ይሆናል? መጅሊሱ ከከተማ አስተዳደሩ ጋር ስለ ሜዳ ሲነጋገር «የመስገጃ ቦታ ይሰጠን» ከማለት አልፎ «ይህ ቦታ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ የአደጋ ጊዜ መሰብሰቢያ ሆኖ በመሪ ፕላኑ ላይ ይከበር» ቢል ጥያቄው የሙስሊሙ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ክርስቲያኑ ጎረቤትም የኔ ጉዳይ ነው ይላል፤ በርግጥም ጉዳዩ ነው። በዚያው ልክ የራሳችንን የሜዳ አያያዝ ማየት አለብን። በ2014 የዒድ አል-ፊጥር ዕለት በአዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ ግርግር ሲነሳ ሰው በየአቅጣጫው ሲሮጥ አይተናል። የግርግሩ መነሻ ሌላ ርዕስ ነው። ሴቶችና ሕፃናት ያሉበት ያን ያህል ሕዝብ በአንድ ጊዜ ለመውጣት ቢገደድ በየት በኩል ነው የሚወጣው የሚለው ግን ከዒዱ በፊት ባሉት ሳምንታት የሚመለስ ጥያቄ ነው።

ሜዳ ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ከዚያ በኋላ ጣሪያ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ መስጂድ ይመጣል።

መስጂድ መጠለያ መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። በመዲና በነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) መስጂድ ቤትና ዘመድ የሌላቸው ሰሓቦች በሱፋው ጥላ ሥር ይኖሩ ነበር። ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ) በኸንደቅ ሲቆስሉ ድንኳን የተተከለላቸው መስጂዱ ውስጥ ነው። ገና ያልሰለሙት የሰቂፍ መልዕክተኞችም እዚያው ነው ያረፉት። ስለዚህ «ሙስሊም ያልሆነ ተፈናቃይ ቢመጣስ?» ለሚለው መልስ ለመስጠት ሌሊቱን መጠበቅ አያስፈልግም።

በተግባርም መስጂድ ብዙው ነገር አለው። ውሃ አለው፣ መጸዳጃ አለው፣ ምንጣፍ አለው፣ የሴቶች ክፍል ለብቻው አለው፣ ድምፅ ማጉያ አለው። ከሁሉ በላይ እርስ በርሱ የሚተዋወቅ ጀመዓ አለው፤ ኢሻ ላይ የነበረ አዛውንት ፈጅር ላይ ከቀረ የሚጠይቅለት ሰው አያጣም። ግን ስሜታችን ሒሳቡን እንዳያስረሳን። 1,000 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው መስጂድ በሰላት ሰልፍ ወደ 1,400 ሰው ይይዛል። ስፊር በሚባለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ እርዳታ መመሪያ ግን ለሚያድር ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። ያው መስጂድ 285 ሰው ብቻ ያስተኛል ማለት ነው። በአደጋው መጀመሪያ ቀናት ለ50 ሰው አንድ መጸዳጃ ቢታሰብ ስድስት ይፈለጋል፤ ከሰነበቱ ለ20 ሰው አንድ ስለሚባል 14 ይደርሳል። የሴቶቹ ቁጥር ከወንዶቹ በሦስት እጥፍ እንዲሆንም ይመከራል፤ በብዙ መስጂዶቻችን ግን ተቃራኒው ነው ያለው። ውሃ በቀን ለአንድ ሰው 15 ሊትር ሲባል ለ285 ሰው 4,275 ሊትር ነው። 5 ሺህ ሊትር የሚይዘው ሮቶ አንድ ቀን አልፎ ሁለተኛውን አይደግምም። የመስጂድ ኮሚቴ ይህን ሒሳብ በአንድ ምሽት ቁጭ ብሎ ሊሠራው ይችላል። መልሱ «አንችልም» ከሆነም ጥሩ ነው፤ ከወዲሁ ይታወቃል።

ሁሉም መስጂድ መጠለያ አይሆንም፤ ይህንንም በግልጽ መናገር አለብን። ወንዝ ዳር ያለ መስጂድ በጎርፍ ሌሊት ሰው የሚወጣበት እንጂ የሚገባበት አይደለም። በመንቀጥቀጥ ጊዜም ሕንፃው እስኪመረመር ድረስ ሰው ጣሪያ ሥር መግባት የለበትም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 በቱርክ የደረሰው መንቀጥቀጥ አንጾኪያ ውስጥ ያለውን ታሪካዊውን የሐቢቡ ነጃር መስጂድ ራሱን አፍርሶታል። በየሰፈሩ በሰደቃ የሚሠሩ ባለፎቅ መስጂዶቻችን ሚናራው ስንት ሜትር ይሁን የሚለው ክርክር እንደሚበዛባቸው ሁሉ ስለ ብረቱና ስለ አምዱ የሚጠይቅ መሐንዲስም ቢኖራቸው እንመኛለን።

በሩም ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ መስጂዶች ጁሙዓ ቀን እስከ መንገድ ይሞላሉ፤ ክፍት ሆኖ የሚታየው ግን አንድ በር ነው። የሴቶቹ ደረጃ ጠባብ ነው። ደግሞ በሩ ላይ የጫማ ክምር አለ። ጫማ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ሲወጣ መጀመሪያ የሚሰናከለው በጫማ ነው፤ ጫማውን ለመፈለግ ጎንበስ የሚለው ሰው ደግሞ የኋላውን ሁሉ ያቆማል። መደርደሪያውን ከበሩ ፊት ወደ ጎን ማንሳት ምንም አያስወጣም። የተዘጋውን ሁለተኛ በር ጁሙዓ ላይ መክፈትም እንዲሁ።

ለዑለማዎቻችን የምናቀርበው ጥያቄም አለን። ሴቶች ተፈናቅለው መስጂድ ሲያድሩ ሐይድ ላይ ያለችው እህት ምን ታድርግ? አብዛኛው ዑለማ መስጂድ ውስጥ መቆየትን እንደማይፈቅድላት፣ የሚፈቅዱም እንዳሉ፣ አስገዳጅ ሁኔታ ደግሞ የራሱ ሕግ እንዳለው እናውቃለን። ፈትዋ መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለም። የምንለው፣ መልሱ አስቀድሞ ተነግሮ፣ መድረሳው ወይም አዳራሹ ለዚህ ተለይቶ ይጠብቅ ነው። አለዚያ ያቺ እህት በዚያ ሌሊት አፍራ ምንም ሳትናገር ውጭ ዝናብ ላይ ትቀመጣለች። ሐያእ ያላት ሴት እንደዚያ ነው የምታደርገው።

የድምፅ ማጉያው ነገርስ? የመስጂድ ድምፅ ማጉያ ሲነሳ የሚከተለው ክርክር ይታወቃል። በአደጋ ሌሊት ግን በሰፈሩ ከሱ የፈጠነ ነገር አይኖርም። በነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) ዘመን በዝናብና በብርቱ ብርድ ሌሊት ሙአዚኑ ሰዎች በየቤታቸው እንዲሰግዱ ያውጅ ነበር፤ አየሩን ለሕዝብ ማሳወቅ ለሙአዚን እንግዳ ሥራ አይደለም። ጥንቃቄ የሚሻው አባባሉ ነው። በሌሊት ማጉያ ሲከፈት ሰው ጀናዛ ይመስለዋል ወይም ፈጅር ገባ ብሎ ውዱእ ሊያደርግ ይነሳል። ስለዚህ አዛን ያልሆነ፣ አጭር፣ ከአሁኑ የተስማሙበት ቃል ይሁን፤ ድሬዳዋ ላይ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ። መብራት ጎርፉ ከመድረሱ በፊት ሊጠፋ ስለሚችል በባትሪ የሚሠራ የእጅ ማጉያ ያስፈልጋል። ከዚህ በላይ ደግሞ ማን ሲያዝ ነው የሚነገረው? ማንም ወጣት በቴሌግራም ያየውን ይዞ ማጉያውን ከከፈተ ሰው ባልመጣ ጎርፍ ተረጋግጦ ይጎዳል። ሁለት ጊዜ በከንቱ የተነሳ ሰፈር በሦስተኛው አይነሳም።

ይህ ሁሉ መንግሥትን ከኃላፊነት አያወርድም። ካርታውን ማውጣት፣ ከደንገጎ በኩል የዝናብ መለኪያና ስልክ የሚይዝ ሰው መመደብ፣ የትኛው ግቢ ለየትኛው ቀበሌ መጠለያ እንደሆነ በጽሑፍ መወሰን የአስተዳደሩ ሥራ ነው። ሀገሪቱ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ካጸደቀች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል፤ ኮሚሽንም አላት። አዲስ አበባ የራሷ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን፣ 939 የሚባል የስልክ ቁጥርም አላት። ቁጥሩን ግን ስንቶቻችን በቃላችን እናውቀዋለን? ፖሊሲ ቀበሌ ወርዶ በር ላይ የሚለጠፍ ወረቀት እስካልሆነ ድረስ ለአባወራው የለም ማለት ነው።

«ቀደር ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ቀደር መሆኑን እናምናለን። በዚያው እምነታችን ቤታችንን ማታ እንቆልፋለን፣ ልጃችንን እናስከትባለን። የመጠለያው ጉዳይም ከዚያ አይለይም።

የድሬዳዋ መስጂድ ኮሚቴዎች፣ የአድባራት አስተዳዳሪዎች፣ የትምህርት ቤት ርዕሳነ መምህራንና የቀበሌ ሹማምንት ከሐምሌ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ቢቀመጡ የሚወስኑት ነገር ብዙ አይደለም። በመጋላ በኩል የትኛው ግቢ፣ በከዚራ በኩል የትኛው ግቢ እንደሚከፈት ነው። መንገድ የማይችሉ አዛውንትና አካል ጉዳተኞች የት የት ቤት እንዳሉ፣ እነሱን የሚሸከሙ ወጣቶች እነማን እንደሆኑ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ የቁልፍ ነው። የመስጂድ ግቢ ከኢሻ በኋላ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ኻዲሙ ኪስ ውስጥ ነው፤ ኻዲሙ ደግሞ ሰው ነውና ሊታመም ወይም ሀገር ቤት ሊሄድ ይችላል። ሁለተኛው ቁልፍ በአጥሩ አጠገብ በሚኖር ጎረቤት እጅ ይሁን፤ የሁለቱም ስምና ስልክ በግቢው በር ላይ ይጻፍ። የሚቀጥለው ጁሙዓ ከሰላት በኋላ ለዚህ 10 ደቂቃ ይበቃል።